ቲማቲም በባልዲ፦ አጣና፣ የሽቦ ቀፎ ወይስ ሲባጎ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ግቢ

ደሴ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ፣ በልግ ሊገባ ሲል ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ‘ጓ!’ የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሌባ መስሎኝ ባትሪ ይዤ ብወጣ 20 ሊትር የቀለም ባልዲዬ ከነቲማቲሙ በጎኑ ተጋድሟል። 2 ሜትር የሚሆነው አጣና የባልዲውን ግማሽ አፈር ይዞ ተነቅሏል፤ የእንቁላል ያህል የደረሱት አረንጓዴ ፍሬዎች በሊሾው ላይ እስከ ውጭው በር ተንከባለዋል። ጠዋት የግቢው ባለቤት ሐጂ ፍሬውን በጋቢያቸው ጫፍ እየለቀሙ፣ ‘ልጄ፣ ምሰሶ መሬት ውስጥ ነው የሚተከል። ባልዲ ውስጥ ምሰሶ ሲተከል የት አየህ?’ አሉኝ። ‘ኧረ ሐጂ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው’ ብዬ ተከራከርኳቸው። በልቤ ግን ልክ እንደሆኑ ገብቶኛል።

መሬት ላይ ለተተከለ ቲማቲም አጣናውን 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ቀብራችሁ ትረግጡታላችሁ፤ ዙሪያው ያለው አፈር ጨምድዶ ይይዘዋል። ባልዲው ግን ጥልቀቱ ራሱ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ አፈሩም በፍግ የላላ ነው። 20 ሊትር አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲጠግብ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲደርቅ ግን በጣም ይቀላል። ከላይ ያለው ተክል ደግሞ የሰው ቁመት ደርሶ፣ ቅጠሉን እንደ ሸራ ዘርግቶ፣ 3 እና 4 ኪሎ ፍሬ ተሸክሞ ነፋስ ይጠብቃል። ስለዚህ ድጋፍ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ድጋፉ ራሱ ማንን ተደግፎ እንደሚቆም ጠይቁ። መሬቱን? ግድግዳውን? የጣሪያውን ወራጅ? መልሱ ‘ባልዲውን’ ከሆነ፣ ተክሉ ከወገባችሁ በላይ ባያድግ ይሻላል።

መጀመሪያ ዘሩን እወቁ

ሰዎች ድጋፍ አማክረኝ ሲሉኝ ብዙዎቹ የተከሉትን ቲማቲም ዓይነት አያውቁትም። ቲማቲም በአስተዳደጉ ከሁለት ይከፈላል። አንደኛው እስከ አንድ ሜትር ገደማ አድጎ ጫፉ ላይ አበባ አውጥቶ የሚቆም ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬውንም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትሎ ያደርሳል። ገበያ ላይ ያለው ሮማ ቪኤፍ ከዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ብርድ ወይም በሽታ እስኪያስቆመው ድረስ የሚወጣ፣ ከታች ፍሬ እየሰጠ ከላይ የሚያብብ ረጅም ዓይነት ነው። አብዛኞቹ ባለ ትናንሽ ፍሬ ‘ቼሪ’ ቲማቲሞች እንዲህ ናቸው። የታሸገ ዘር ስትገዙ ፓኬቱ ላይ ‘ዲተርሚኔት’ ካለ ቁጥቋጦው፣ ‘ኢንዲተርሚኔት’ ካለ ረጅሙ ነው። የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸውን እንደ መልካ ሾላ ያሉ ዝርያዎች የምታገኙ ከሆነም ሻጩን ወይም የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይህንኑ ጠይቁ፤ ከስሙ ብቻ አይታወቅም።

ከገበያ የተገዛ ቲማቲም ዘሩን አጥቦ መዝራት የሚወድ ሰው ብዙ ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። ይበቅላል፤ ግን እናትየው ዲቃላ ዝርያ ከነበረች ልጆቹ እሷን አይመስሉም፤ አንዱ ይንጠራራል፣ አንዱ ይቆራመዳል። የሚያድገውን ቁመት ሳታውቁ ድጋፍ መግዛት ልኩን ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው።

ለቁጥቋጦው ብዙ አትጨነቁ፤ አጭር የሽቦ ቀፎ (ተክሉን ዙሪያውን የሚከብ የሽቦ አጥር) ወይም ሦስት ሸምበቆ ይበቃዋል። ከዚህ በታች የምለው በአብዛኛው ስለ ረጅሙ ነው፤ ጠባብ ግቢ ውስጥ ወደ ላይ ማሳደግ የሚያዋጣው እሱ ነውና።

ደሴና ኮምቦልቻ አንድ አይደሉም

የሐረጎን ቁልቁለት የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ደሴ ላይ የለበሰውን ጃኬት ኮምቦልቻ ሳይደርስ ያወልቃል። በመኪና መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። የከፍታው ልዩነት ብቻውን 4 ዲግሪ ያህል ያመጣል። ለእኔና ለእናንተ ጃኬት ነው፤ ለቲማቲም ግን የፍሬ ጉዳይ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲሰነብት አበባው ሳይቋጥር ይረግፋል። ደሴ በበጋ ሌሊቷ ከዚህ በታች ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ሜዳ ላይ ውርጭ አለ።

ይህ ከድጋፍ ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። ደሴ ላይ ተክሉን ከግድግዳ ጋር የሚያጠጋ ድጋፍ ሁሉ ከማያጠጋው ይበልጣል። የድንጋይም ሆነ የብሎኬት ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይተፋል። ግቢው መሃል የቆመ ቀፎ ውስጥ ያለ ተክል ይህን አያገኝም። ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ ያላችሁ ግን በተቃራኒው ስለ ሙቀቱ አስቡ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ያለ ጥቁር ባልዲ ሥሩን ይቀቅለዋል። እናንተ ዘንድ አየር በደንብ የሚያልፍበት ድጋፍ ይመረጣል፤ ባልዲውንም ነጭ ቀለም ቀቡት፣ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሉት።

የፀሐይዋም ነገር አለ። በእኛ አገር አቀማመጥ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ቀትር ላይ በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀሪው ጊዜ፣ በተለይ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ስለዚህ በበጋ ለማምረት የሚያስብ ሰው ወደ ደቡብ የዞረ ታዛ ካለው ታድሏል፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ታዛው ሥር ትገባለታለች። ቲማቲም በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የትኛውም ድጋፍ ቁመት እንጂ ፍሬ አይሰጣችሁም።

ሲባጎ ከታዛ

የእኔን ምርጫ ገና ከጅምሩ ልናገር፤ ረጅም ዓይነት ተክላችሁ፣ ታዛ ካላችሁና ባለቤቱ ከፈቀደላችሁ ሲባጎን የሚያህል የለም። የግሪን ሃውስ ገበሬዎች የሚሠሩበት ዘዴ ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ታዛ የሌለው ቤት ጥቂት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የጣሪያው ወራጆች ላይ ከግድግዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አንድ ቀጥ ያለ አጣና ወይም ወፍራም ሽቦ ታስራላችሁ። ከዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ባልዲ አንድ ሲባጎ ትለቃላችሁ። የሲባጎው የታች ጫፍ ግንዱ ላይ፣ ከመጀመሪያው ጠንካራ ቅጠል ሥር፣ ሁለት ጣት በሚያስገባ ሰፊ ቀለበት ይታሰራል። ቋጠሮው የማይጠብቅ መሆን አለበት፤ ግንዱ በሦስት ወር ውስጥ ከእርሳስ ውፍረት ወደ አውራ ጣት ይደርሳልና የሚጠብቅ ቋጠሮ ያንቀዋል። ሌላው መንገድ ችግኙን ስታዛውሩ ሲባጎውን ከሥሩ በታች አድርጎ አብሮ መቅበር ነው፤ ሥሩ ራሱ ይይዘዋል። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሳምንት አንድ ቀን፣ ለባልዲ ሁለት ደቂቃ ነው። ግንዱን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ሲባጎው ላይ ትጠመዝዙታላችሁ፤ በሦስት ቅጠል አንድ ዙር ይበቃል። ጠዋት ጠዋት ግንዱ ውሃ ሞልቶት ስለሚሰበር ቀትር አልፎ ትንሽ ለስለስ ሲል አድርጉት። ቀንበጡንም በዚያው ትቀነጥሳላችሁ። ቀንበጥ የምለው በግንዱና በቅጠሉ ብብት መካከል የሚወጣውን ነው። ርዝመቱ ጣት ሳያክል በእጅ ጎንበስ ሲያደርጉት ‘ቀጭ’ ብሎ ይወጣል፤ ቁስሉም በአንድ ቀን ይደርቃል። ውፍረቱ እርሳስ ካከለ በኋላ ብትቆርጡት ግን ቁስሉ ሰፊ ነው፤ በሽታ ይገባበታል። ለባልዲ አንድ ግንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ቀንበጥ መቀንጠስ የሚሳሳ ሰው ሲባጎ አይምረጥ፤ ሁሉንም ልሸከም ሲል ሁሉንም ያጣል።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ግን ዝናብ ነው። ቅጠል ሲረጥብና አየሩ ሲበርድ ገበሬው ምች የሚለው፣ ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት የሚሉት በሽታ ይመጣል። ድንችንም ቲማቲምንም የሚያጠቃው አንድ ዓይነት ተሕዋስ ነው፤ የደሴ ዙሪያ ገበሬ ድንቹን በክረምት እንዴት እንደሚያጠቁርበት ጠይቁት። አንድ ሳምንት አይፈጅበትም፤ ቅጠሉ ውሃ እንደነካው ወረቀት ይሆንና ይጠቁራል፣ ፍሬው ላይ ቡናማ ጠባሳ ይወጣል። ታዛ ሥር ያለ ተክል ቅጠሉ ደረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሜዳ ላይ ያሉት ባልዲዎቼ አንድም ሳይተርፉ ሲጠቁሩ፣ ታዛ ሥር ከነበሩት አራቱ ሦስቱ እስከ መስከረም ቆይተዋል። በአንድ ክረምት የታየ ነገር ማስረጃ ነው አልልም፤ ግን ቅጠል ደርቆ ከዋለ ምች እንደሚቸገር የታወቀ ነው።

ስሕተቴንም ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሲባጎውን ወራጅ ላይ በማሰር ፈንታ በቅርብ ያገኘሁት አሸንዳ ላይ አሰርኩት። አሸንዳ የራሱን ውሃ እንጂ የሰው ቲማቲም እንዲሸከም አልተሠራም። አምስት ተክል እያንዳንዱ 4 ኪሎ ቢሆን 20 ኪሎ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ዶፍ ጣለ፤ አሸንዳው ውሃ ሞላ፤ ሚስማሮቹ አንድ በአንድ ‘ጠቅ፣ ጠቅ’ እያሉ ሲነቀሉ ከመስኮት ቆሜ አየሁ። ውሃው፣ ቆርቆሮው፣ ቲማቲሙ አብረው ወረዱ። አሸንዳውን በገንዘቤ አሠርቻለሁ። ስለዚህ ወራጅ ላይ እሰሩ፤ ጠርዙ ላይ ያለው ቀጭን ጣውላም አይታመንም። የመብራት ገመድ አጠገብ ደግሞ ጭራሽ እንዳትደርሱ።

ተክሉ ጣሪያው ጋ ሲደርስስ? ቆርቆሮው ቀትር ላይ ስለሚግል ጫፉ ከቆርቆሮው 40 ሳንቲ ሜትር ሳይደርስ አንድ ነገር ማድረግ አለባችሁ። ወይ ጫፉን ቆርጣችሁ ያለው ፍሬ እንዲደርስ ታደርጋላችሁ፤ ወይም ከመጀመሪያው ላይ ሲባጎውን በአንድ ሜትር አስረዝማችሁ ትርፉን አጣናው ላይ ጠቅልላችሁ ከነበረ ትንሽ ትንሽ እየፈታችሁ ተክሉን ታወርዱታላችሁ። የታችኛው፣ ፍሬው የተለቀመና ቅጠሉ የተወገደ ግንድ ባልዲው ዙሪያ ይጠቀለላል። ሲያዩት እባብ ይመስላል፤ አብሽሩ፣ ምንም አይሆንም።

አጣናና ሸምበቆ

ርካሹና የቅርቡ ነገር አጣና ነው፤ ባሕር ዛፍ የሌለበት የወሎ ከተማ የለም። መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ መጥፎ የሚሆነው እኔ እንዳደረግኩት ባልዲው መሃል ከተተከለ ነው። ባልዲው አፈር መሬት ላይ ከተቀመጠ አጣናውን ከባልዲው ውጭ፣ ተጠግቶ፣ መሬቱን ቆፍራችሁ ትከሉት፤ ከዚያ የባልዲውን እጀታ ከአጣናው ጋር እሰሩት። አሁን ባልዲው አጣናውን ሳይሆን አጣናው ባልዲውን ይዟል። የዘይት ጀሪካን ከሆነ ደግሞ አናቱን ስትቆርጡ እጀታውን አትርፉት፤ ለማሰሪያ እንዲህ የሚመች ነገር የለም።

ግቢው ሊሾ ወይም ኮብልስቶን ከሆነ አጣና መትከል አይቻልም። ያኔ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ አጣናውን ከታች ባልዲው ውስጥ አቁሞ ከላይ ከመስኮት ብረት ወይም ከአጥር ጋር ማሰር ነው። ከላይ አንድ ቦታ ከተያዘ አይወድቅም። ሌላው ባልዲዎቹን በአንድ መስመር ደርድሮ አጣናዎቹን ከላይ በአንድ አግዳሚ ማያያዝ ነው፤ አምስት ባልዲ ተያይዞ ከቆመ አንዱን ብቻ ነፋስ አይጥለውም። ከጫፍና ከጫፍ ባሉት ባልዲዎች ሥር ድንጋይ ብታደርጉ የበለጠ ይረጋጋል።

ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ያላችሁ ምስጥን አትርሱ። መሬት የገባው የአጣና ጫፍ ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ልጡን መላጥና የሚቀበረውን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዘይት የተቀባውን እንጨት የምትበሉት ተክል የሚበቅልበት ባልዲ ውስጥ አታስገቡ። ሸምበቆ ደግሞ ቀላልና ለእጅ የሚመች ነው፤ ለቁጥቋጦው ይበቃል። ረጅሙ ቲማቲም ግን ፍሬ ሲይዝ ያጎብጠዋል።

አጣና ከሲባጎ የሚበልጥበት አንድ ቦታ አለ። ታዛ የሌለው፣ ለነፋስ የተጋለጠ ግቢ ውስጥ ሲባጎ እንደ ዥዋዥዌ ይወዛወዛል፤ ግንዱ ባልዲው ጠርዝ ላይ እየተፋቀ ይቆስላል። የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት የምታዩ ሰዎች ታውቁታላችሁ።

የሽቦ ቀፎ

ቀፎ የምለው ተክሉን ዙሪያውን የሚከብ ክብ የሽቦ አጥር ነው። የሰነፍ ድጋፍ ነው እላለሁ፤ በክፉ አይደለም። አንዴ ካቆማችሁት በየሳምንቱ ማሰር የለ፣ መጠምዘዝ የለ። ቀንበጥ ባትቀነጥሱም ቅርንጫፎቹ በቀዳዳው እየወጡ ራሳቸውን ይደግፋሉ። ሥራ የሚበዛበት፣ ወይም አንዳንድ ሳምንት ከከተማ የሚወጣ ሰው ከሆናችሁ ቀፎ ይስማማችኋል።

ግን ልኩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የባልዲው አፍ 30 ሳንቲ ሜትር ነውና ቀፎውንም 30 ሳንቲ ሜትር አድርገው ባልዲው ውስጥ ይሰኩታል። ያ ጠባብ ነው፤ ያውም ክብደቱ እንደገና ባልዲው ላይ ነው። 1.5 ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ ብትጠቀልሉ 48 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይሰጣችኋል፤ ባልዲውን ከነነፍሱ ውጦ መሬት ላይ ይቆማል። ቁመቱ 1.5 ሜትር ይሁን። ቀዳዳው እጃችሁ ቲማቲም ጨብጦ የሚወጣበት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት። የዶሮ ሽቦ ርካሽ ነው ብላችሁ ከገዛችሁ፣ ፍሬ ስትለቅሙ ታማርራላችሁ፤ እጅ አይገባበትም፣ ትንሽ ሆኖ የገባው ፍሬም እዚያው ይወፍርና ታንቆ ይቀራል።

ጠንካራ የምትፈልጉ ከሆነ በያጅ ጋ ሄዳችሁ ከ6 ሚሊ ፌሮ ሦስት ቀለበትና አራት እግር አሠሩ። ከሁሉም ውድ ነው፤ ግን ዓመታትን ያስቆጥራል። እግሮቹን ከታችኛው ቀለበት 20 ሳንቲ ሜትር አስበልጡ፤ አፈር መሬት ከሆነ ይሰካል፣ ሊሾ ከሆነ ድንጋይ ይጫንበታል።

የቀፎ ጉድለቱ ውስጡ ጫካ መሆኑ ነው። አየር አያልፍም፣ ዝናብ የነካው ቅጠል ቶሎ አይደርቅም። ትልም ተደብቆ ይከርማል። ቱታ አብሶሉታ የሚባለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ መታየት የጀመረው ተባይ፣ ቅጠሉ ውስጥ ዋሻ እየሠራ ነው የሚገባ። ሲባጎ ላይ ባለ አንድ ግንድ ተክል ላይ የመጀመሪያውን ዋሻ በዓይን አይታችሁ ቅጠሉን ቆርጣችሁ ታቃጥላላችሁ። ቀፎ ውስጥ ግን የምታዩት ፍሬው ከተበሳ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀፎ ለኮምቦልቻ በጋ እንጂ ለደሴ ክረምት አይሆንም።

ሌሎቹ፣ በአጭሩ

ባልዲዎቻችሁ ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆኑና በመስመር ከተደረደሩ፣ በሁለቱ ጫፍና በመሃል አጣና አቁማችሁ ሲባጎውን ከተክሎቹ ፊትና ኋላ እየወሰዳችሁ እየመለሳችሁ ማስኬድ ትችላላችሁ። ሸማኔ ማግ እንደሚያሳልፍ ማለት ነው፤ ተክሉ ድሩ፣ ሲባጎው ማጉ። በየ25 ሳንቲ ሜትሩ አንድ መስመር ይጨመራል። ለቁጥቋጦ ዓይነቶች ከዚህ የሚሻል አላየሁም፤ ሲባጎው ግን ካልተወጠረ ዋጋ የለውም።

ሦስት እንጨት አናቱን አስሮ እንደ ጎጆ ማቆም ለአንድ ለሁለት ባልዲ ቆንጆ ነው። እግሮቹ ከባልዲው ውጭ ይረገጡ።

ግድግዳ ላይ መረብ መወጠር ሚስማር ይፈልጋል። ተከራይ ከሆናችሁ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ፤ በልስኑ የማይደራደር አከራይ ብዙ ነው። መረቡ ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ አለበለዚያ ጀርባው ሻጋታ ነው።

ጀሪካን ሰቅሎ ቲማቲሙን ከሥር በቀዳዳ ቁልቁል ማሳደግ የሚባልም አለ። በስልክ ቪዲዮ ሲታይ ያምራል። ተክሉ ወደ ፀሐይ ለመመለስ አንገቱን ሲቆለምም ይውላል፤ ውሃው ቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ 20 ኪሎ ነገር አናታችሁ ላይ ተንጠልጥሏል። ለእኔ ይቅርብኝ።

በምን ታስሩታላችሁ?

ማሰሪያ የሚናቅ ነገር ነው፤ ግን ከድጋፉ ይልቅ ተክሉን የሚገድለው እሱ ነው። የፌሮ ማሰሪያ ሽቦ ግንድ ላይ በፍጹም አይታሰር፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ቢላ ይቆርጣል። ቀጭን ናይለንም እንዲሁ። የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ የተቀደደ ካልሲ፣ የቲሸርት ቅዳጅ ይሻላል። አስተሳሰሩ በ8 ቁጥር ቅርጽ ነው፤ አንዱ ዙር አጣናውን ጥብቅ አድርጎ፣ ሌላው ግንዱን ላላ አድርጎ፣ መሃሉ ላይ ይጠላለፋል። እንዲህ ሲሆን ግንዱና እንጨቱ አይፋተጉም። ከፍሬ ዘለላ በላይ ሳይሆን ከቅጠል ሥር እሰሩ።

ከታዛ ለሚለቀቀው የቃጫ ሲባጎ ግንዱ ስለማይንሸራተትበት ጥሩ ነው፤ ዝናብ ከነካው ግን በአንድ ወቅት ይበሰብሳል። ጣሪያ ሥር ለደረቅ ቦታ ቃጫ፣ ውጭ ለሚረጥብ ቦታ የፕላስቲክ ሲባጎ ውሰዱ።

ዕቃውም ምርጫውን ይወስናል

ለረጅሙ ዓይነት ከ20 ሊትር በታች አትውረዱ፤ ለቁጥቋጦው ከ10 እስከ 15 ሊትር ይበቃል። የማዳበሪያ ከረጢት አፉን ወደ ውጭ አጥፎ ግማሽ ድረስ አፈር ሲሞላ ሰፊ ስለሚሆን አይወድቅም፤ ጎኑ ግን ለስላሳ ነውና ምንም ነገር አይሰካበትም። ከረጢት ያለው ሰው ወይ ሲባጎ ወይ ውጭ የቆመ ቀፎ እንጂ አጣና አያስብ። ፀሐይ ስለሚበላው ከአንድ ወቅት በላይ አትመኩበት። የፀረ ተባይ ኬሚካል የነበረበት ዕቃ ግን ቢታጠብም ቢቀቀልም አይሆንም።

ከታች አውራ ጣት የሚያህል ከአራት እስከ ስድስት ቀዳዳ ይበሳ። አፈሩ መረሬ ብቻ ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጠቅና ውሃው በጎን ይወርዳል፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅሉ። ችግኙን ስታዛውሩ የታችኞቹን ቅጠሎች አንስታችሁ ግንዱን ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት፤ የተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል፤ ያ ሥር ለባልዲ ተክል ተጨማሪ መልሕቅ ነው። ድጋፉን በዚያው ቀን አቁሙ። ሥሩ ባልዲውን ከሞላ በኋላ እንጨት መሰካት ሥር መቁረጥ ነው።

ውሃ ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ አንድ ቀን አጥለቅልቆ ሦስት ቀን መርሳት የፍሬውን ታችኛ ክፍል ጥቁርና ሰርጓዳ ያደርገዋል። በሽታ አይደለም፤ ካልሲየሙ ከውሃው ጋር ፍሬው ጋ አለመድረሱ ነው። ወደ ላይ ያደገ ተክል ብዙ ይጠጣል፤ ኮምቦልቻ ላይ ፍሬ በያዘበት ወር ጠዋትና ማታ ማለት ነው።

ታዲያ የትኛውን?

ደሴ፣ ታዛ ያለው ቤት፣ ረጅም ዓይነት፦ ሲባጎ። ዘሩን ጥር ላይ አፍልታችሁ የካቲት ውስጥ ካዛወራችሁ፣ ከግንቦት ጀምሮ ትለቅማላችሁ፤ ዋናው ክረምት ሲገባ ብዙው ፍሬ ተነሥቷል። ፍሬው ትንንሽ የሆነውን ዓይነት ብትመርጡ ብርዱን ይበልጥ ይችላል።

ደሴ፣ ታዛ የሌለው፣ ለነፋስ የተጋለጠ፦ ወደ ላይ ማሳደጉ ይቅርባችሁና ቁጥቋጦውን በሦስት ሸምበቆ ትከሉ። ይህን ስል የሚከፋው እንዳለ አውቃለሁ።

ኮምቦልቻ፣ አፈር ግቢ፦ ከባልዲ ውጭ የተተከለ አጣና፣ ወይም ጊዜ ከሌላችሁ ቀፎ። መስከረም መጨረሻ ተክሎ በበጋው ማምረት ይቻላል። ሊሾ ግቢ ከሆነ በአግዳሚ የተያያዘ መስመር።

ወልድያ ላይ ያለች እህቴ ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋለች፤ ሲባጎው ላይ ያለውን ‘የኔ’፣ ቀፎው ውስጥ ያለውን ‘የባለቤቴ’ ትለዋለች። ማን በየሳምንቱ እንደሚጠመዝዝ ከዚሁ ይታወቃል።

ምርቱ ሲያበቃ ሲባጎውን ከነግንዱ ቆርጣችሁ አቃጥሉት፤ ለመጪው ዓመት ብሎ ማስቀመጥ በሽታውን ማስቀመጥ ነው። አጣናውንና ፌሮውን በበረኪና ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ። እኔ ባለፈው ዓመት የፌሮ ቀፎዬን አጥቤ አጥሩ ላይ እንዳሰጣሁት ሐጂ ‘ይቺ ነገር ለጫጩቶቼ ከጭልፊት መከለያ ትሆናለች፣ ለሁለት ቀን ብቻ’ ብለው ወሰዷት። ጫጩቶቹ አሁን እንቁላል ይጥላሉ፤ ቀፎዋ ገና አልተመለሰችም።